የኦካሩ ደወልና የነጭ ዓባይ ልጆች

ወገኖቼ፣ እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ የጎረቤት ወግ ነው፤ ከጋምቤላ ወዲያ፣ ነጭ ዓባይ በሚያልፍበት አገር፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከእናታቸው ጎጆ ወጥተው በካቶሊክ ሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ስላደጉ ወንዶች ልጆች። መንገዱ ረጅም ነውና አትቸኩሉብኝ። ወንዝ እንሻገራለን፣ ረግረግ እናቋርጣለን፣ ዝናብም ይይዘናል፤ ቢሆንም እንደርሳለን። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እነግራችኋለሁ፤ የዚያ አገር መዝገብ የተጻፈው በዚያ ነውና።

መጀመሪያ ወንዙን እወቁት። ነጭ ዓባይ ከኡጋንዳ ሐይቆች ተነሥቶ በድንጋይ መካከል እየተንደረደረ ይመጣና፣ ዛሬ ጁባ ከተቆረቆረችበት ስፍራ ሲደርስ ሰከን ይላል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ሲያቀና ሱድ የሚባለው ትልቅ ረግረግ ይቀበለዋል፣ በዚያም ደንገልና ቄጠማው መንገዱን ይዘጋበታል። በዚያ ዘመን ከካርቱም ወደ ጁባ አገር የሚመጣ ሰው በመርከብ ሳምንታት ይቆይ ነበር፤ ቀን ፀሐይ፣ ማታ ትንኝ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ማለቂያ የሌለው አረንጓዴ ሣር። እና በዚያ ወንዝ ዳር የሚኖረው የባሪ ሕዝብ ከሩቅ ሸራ ወይም ጭስ ባየ ቁጥር ልቡ ይደነግጥ ነበር። ለምን እንደሚደነግጥ አሁን ታያላችሁ።

ከዛሬዋ ጁባ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በወንዙ ምሥራቅ ዳር፣ ጎንዶኮሮ የሚባል ቦታ አለ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ አባ ኢግናዝ ክኖብሌኸር የሚባሉ የስሎቬንያ ቄስ፣ የንጋት ኮከብ የሚል ስም ባወጡላት ጀልባ ወደዚያ ወጡና ሚሲዮን ተከሉ። ከእሳቸው ቀድመው በባሪዎች መካከል የተቀመጡት ጣሊያናዊው አባ አንጄሎ ቪንኮ በ1853 ጥር ላይ በንዳድ ሞቱ። ከዚያም ሌላው ሞተ፣ ከዚያም ሌላው፣ ከዚያም ገና ከአውሮፓ የደረሰው ጓዙን ሳይፈታ ሞተ። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ የሚሲዮኑ ሰዎች መቃብር ከተማሪዎቻቸው ቁጥር ጋር የሚፎካከር ሆነ፤ በ1860 ገደማም በሩ ተዘጋ።

ግን በሩ ሳይዘጋ ጥቂት የባሪ ልጆች ፊደል ቀምሰው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሎግዊት ሎ ላዱ ይባላል። ይህ ልጅ ወንዙን ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ባሕሩን ተሻግሮ በአልፕስ ተራሮች ሥር እስካለችው ብሪክሰን ከተማ ደረሰ። እዚያ ሚተሩትስነር የሚባሉ መምህር አጠገባቸው አስቀምጠው የባሪን ቋንቋ ቃል በቃል ከአፉ ለቀሙ፤ እሱ ይናገራል፣ እሳቸው ይጽፋሉ፤ እሱ ያርማል፣ እሳቸው ይሰርዛሉ። የባሪ ቋንቋ ሰዋስው በ1867 ሲታተም ግን ሎግዊት አላየውም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ሃያ እንኳ ሳይሞላው፣ በዚያ ብርዳም አገር አርፎ ነበር። የአገሩን ቋንቋ ለመጽሐፍ ያበቃው ልጅ ወደ ጎንዶኮሮ ሳይመለስ ቀረ። ይህን ልጅ አትርሱት፤ ከእሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ በኩር ነው።

በዚያው ዘመን በዚያው ወንዝ ሌሎች ጀልባዎችም ይመጡ ነበር። ከካርቱም የሚነሡት የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች ጠመንጃ የያዙ ሎሌዎች አስከትለው ይመጣሉ፣ በእሾህ አጥር የተከበበ ሰፈር ያበጃሉ፣ ከዚያም ወደ መንደሩ ወጥተው ከብቱን ይነዳሉ፣ ልጁንና ሴቷን በገመድ አስረው ይወስዳሉ። ጎንዶኮሮ የጸሎት ቤትም የባሪያ ገበያም ሆና አየች። እንግዲህ ፍረዱ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነጭ ልብስ የለበሰ እንግዳ በጀልባ መጥቶ፣ ልጅህን ስጠኝ፣ እኔ ዘንድ ይደር፣ አስተምረዋለሁ ቢል፣ የትኛው አባት ነው ያለ ፍርሃት እሺ የሚለው? ያቺ እናትስ አያቷ የነገረቻትን ረስታ ልጇን እንዴት ትለቃለች?

በመካከሉ አንድ ሰው ነበሩ፤ ዳንኤል ኮምቦኒ። ጎልማሳ ቄስ ሆነው በ1850ዎቹ መጨረሻ ወደዚያ ረግረግ አገር ገቡ፣ ባልንጀሮቻቸውን በየተራ ቀበሩ፣ ራሳቸውም ታመው ተመለሱ። ተመልሰው ግን ዝም አላሉም። በ1864 አንድ ዕቅድ ጻፉ፤ የዕቅዱም ልብ አፍሪካን በራሷ በአፍሪካ ልጆች ማዳን የሚል ነበር። አውሮፓዊው እዚያ አይበረክትም፣ የአገሬውን ልጅ አስተምሩት፣ መምህሩም ቄሱም ባለእጁም እሱ ይሁን አሉ። በ1867 በጣሊያን አገር በቬሮና ማኅበር አቋቋሙ፣ ከዚያ ጳጳስ ሆኑ፣ በ1881 ጥቅምት ካርቱም ላይ ዐረፉ። ብዙም ሳይቆይ የማህዲ ጦር አገሩን ያዘ፣ ሚሲዮኖቹም ተበተኑ። ዕቅዱ ግን በወረቀት ላይ ሆኖ ጊዜውን ጠበቀ።

ጊዜውም መጣ። እንግሊዞች በ1898 ማህዲስቶችን ኦምዱርማን ላይ አሸነፉ፣ ሁለት ዓመትም ቆይቶ የኮምቦኒ ልጆች፣ በአቡነ አንቶንዮ ሮቬጂዮ መሪነት፣ መድኅን ብለው በሰየሟት የእንፋሎት ጀልባ ወንዙን ሽቅብ ያዙ። በ1901 በሺሉክ አገር ሉል ላይ ቆሙ። ሮቬጂዮ በዓመቱ በመንገድ ላይ ሞቱ፤ ተከታያቸው አቡነ ፍራንስ ክሳቨር ጋየር በ1904 ወደ ባህር ኤል ጋዛል ዘልቀው ካያንጎ ላይ፣ ቀጥሎም ዋው ላይ ጎጆ ቀለሱ። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በአንድ መንደር እንዳይሻሙ ብሎ አገሩን ከፋፍሎ ለየማኅበሩ ሰጠ። የጁባ አካባቢ ዘግየት ብሎ ነው የተከፈተው፤ የወንዙን ምዕራብ ዳር የቤልጅጉ ንጉሥ ሌኦፖልድ እስከ ሞቱበት እስከ 1909 መጨረሻ ይዘውት ነበርና። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት አባቶች ከኡጋንዳም በኩል እየወጡ በሬጃፍና በቶሪት ሚሲዮን ተከሉ፤ በ1927ም የባህር ኤል ጀበል አገር ለብቻው አንድ የቤተ ክርስቲያን ግዛት ሆነ። ጁባ ራሷ በዚያ ሰሞን ነው ከተማ መሆን የጀመረችው።

አሁን ወደ ልጆቹ እንመለስ። መጀመሪያ የመጡት እነማን ይመስሏችኋል? ወላጅ የሞተባቸው፣ ከባርነት ያመለጡ፣ ረሀብ ያሳደዳቸው። ከብት ያለው አባት ልጁን አይሰጥም። ልጁ ከሄደ ጥጃውን ማን ይጠብቃል? ከእኩዮቹ ጋር ለአካለ መጠን የሚደርስበትን ሥርዓትስ መቼ ይፈጽማል? የጎሳ አለቃውን የአውራጃው ገዥ አስጠርቶ፣ ልጆችህን ትምህርት ቤት ላክ ባለው ጊዜ፣ ከልጆቹ መካከል የሚሳሳለትን ደብቆ ከብት ለማገድ ያልሆነለትን የሚልክ አለቃ በብዙ ቦታ ነበረ። ዓመታት አልፈው ያ የተላከው ልጅ በመንግሥት ቢሮ ተቀምጦ ብዕር ይዞ፣ የተደበቀው ወንድሙ ግብር ሊከፍል በሩ ላይ ሲቆም፣ ያን ጊዜ ወላጅ አባቶች ሐሳባቸውን ለወጡ።

የትምህርት ቤቱ ጉዞ በእግር ነው። ዝናቡ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘንባል፣ መረሬው መሬት ይሟሽሻል፣ ደረቅ የነበረው አሸዋማ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ያድራል። ልጁ ከአጎቱ ወይም ከሚሲዮኑ የስብከት አስተማሪ ኋላ ኋላ ይሄዳል፣ አጎቱ ጦር ይዟል፣ ልጁ ጥቂት የማሽላ ዱቄትና ለውዝ ቋጥሯል። ወንዙ ሲሞላ ዳር ላይ ያድራሉ፣ እሳት ያነዳሉ፣ የአንበሳ ድምፅ ያዳምጣሉ፣ ከዚያም ሲጎድል ይሻገራሉ። ሦስት ቀን የሚሄድ አለ፣ ሳምንት የሚሄድ አለ። በመጨረሻ በጡብ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይላል፣ አጎቱ የልጁን ራስ ይዳስሳል፣ አንዲት ቃል ይናገራል፣ ዘወር ብሎም ሳያይ ወደ መጣበት ይመለሳል። ልጁም ያለቅሳል፤ ግን ሰው እንዳያየው አድርጎ ነው።

ጠዋት ገና ሳይነጋ ደወል ይደወላል። ቅዳሴ ይሰማሉ፣ ከዚያ መኮትኮቻ ይዘው ወደ ማሽላውና ወደ ካሳቫው እርሻ ይወርዳሉ፤ የሚበሉትን የሚያበቅሉት ራሳቸው ናቸውና። ፀሐይ ሳትከር ክፍል ይገባሉ፤ ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ ትምህርተ ክርስቶስ። ከሰዓት በኋላ ጡብ የሚመታ ጡብ ይመታል፣ እንጨት የሚጠርብ ይጠርባል፤ ክህነት የሌላቸው መነኮሳት ወንድሞች አናጢነትንና ግንበኝነትን የሚያስተምሩት በቃል አይደለም፣ አብረው መጋዝ እየጎተቱ ነው። በዚያ አገር ያሉት የቆዩ ቤተ ክርስቲያኖችና የተማሪ ማደሪያዎች ብዙዎቹ በእነዚህ ልጆች እጅ የቆሙ ናቸው። ሲመሽም ጸሎት ነው፣ ከጸሎት በኋላ በረጅሙ ክፍል ወለል ላይ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ መብራቱም ይጠፋል።

እኛ ይህን ስንሰማ የምናውቀው ነገር ትዝ ይለናል። የቆሎ ተማሪም አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከአገሩ ርቆ፣ ለምኖ እየበላ ይማራል፤ እናቱም ይሙት ይኑር ሳታውቅ ዓመታት ትቆያለች። ልዩነቱ ግን አንድ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ተማሪ የሚሄደው ወደ አባቶቹ ዜማና ወደ አባቶቹ መጽሐፍ ነው። የባሪው፣ የሎቱኮው፣ የአቾሊው ልጅ የሄደው ከባሕር ማዶ ወደ መጣ ትምህርት ነው፤ የአያቱ ጭፈራ ኃጢአት መሆኑን፣ የአያቱ ስም በሌላ ስም መተካቱን እየሰማ ነው ያደገው። ይህን ሸክም ማንም አልተሸከመለትም፤ በአሥር ዓመቱ እሱው ተሸከመው።

በ1928 ሚያዝያ መንግሥት በሬጃፍ ትልቅ ጉባኤ ጠራ። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም፣ የመንግሥት ሰዎችም፣ ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ዲድሪሕ ቬስተርማንም ተቀመጡ፤ ልጆቹ በምን ቋንቋ ይማሩ የሚለውን ለመቁረጥ። የታችኛው ትምህርት በአገሬው ቋንቋ ይሁን ተባለ፣ ለመጽሐፍ ከተመረጡት ዋና ዋናዎቹም ባሪ፣ ዲንቃ፣ ሎቱኮ፣ ኑዌር፣ ሺሉክና ዛንዴ ሆኑ። የሚሲዮኑ አባቶችም ሥራውን ያዙ። አባ ሎሬንዞ ስፓኞሎ የባሪን ሰዋስው በ1933 አሳተሙ፣ አባ ካርሎ ሙራቶሪ የሎቱኮን በ1938፣ አባ ክራትሶላራም የኑዌርንና የአቾሊን። ሎግዊት ብሪክሰን ላይ የጀመረው ሥራ በገዛ አገሩ ፍሬ አፈራ። ጉባኤው በተደረገባት በሬጃፍና በጎንዶኮሮ መካከል ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ በመካከሉ ግን ሰባ አምስት ዓመት አለፈ።

ከታችኛው ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ወደ መካከለኛው ይሄዳል፣ እዚያ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በመላው ደቡብ ሱዳን፣ ፈረንሳይን በሚያህል አገር፣ በ1930ዎቹ የነበሩት መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ሦስት ብቻ ነበሩ። ሁለቱ የካቶሊክ፤ አንዱ በዋው አጠገብ ቡሴሬ፣ ሌላው ከቶሪት ወገን ኦካሩ። ሦስተኛው የአንግሊካኖች ነው፤ በ1920 ጁባ ላይ ተጀምሮ በኋላ ወደ ሎካ የተዛወረው የኑጀንት ትምህርት ቤት። ሁለተኛ ደረጃ የሚባል አንድም አልነበረም፤ እሱ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ መጠበቅ ነበረበት።

ለምን እንዲህ ጠበበ? መንግሥቱ የፈለገው ጥቂት ጸሐፊ፣ ጥቂት መምህር፣ ጥቂት ሒሳብ ያዥ ነበር፤ ከዚያ በላይ የተማረ ሰው ጥያቄ ያመጣል ብሎ ይፈራ ነበር። እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ለትምህርት የሚያወጣው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ለሚሲዮኖቹ ድጎማ መስጠት ጀመረ፣ ከድጎማው ጋርም ተቈጣጣሪ ላከ። በ1922 ደቡቡን ያለ ፈቃድ የማይገባበት ዝግ አውራጃ አደረገው፣ በ1930 ጥር ደግሞ ከሰሜኑ የሚለይበትን ፖሊሲ በጽሑፍ አወጣ። የሰሜኑ ልጅ ካርቱም ላይ ጎርደን ኮሌጅ ሲገባ የደቡቡ ልጅ ኦካሩ ላይ ጡብ እየመታ ቀረ። ልጃገረዶቹማ ከወንዶቹም በጣም አንሰው፣ ዘግይተውና በጥቂት ቦታ ብቻ ነው በሩ የተከፈተላቸው። ይህ ዕዳ ነው፤ ዕዳውንም ያ አገር በኋላ በደም ከፍሎታል።

ነገር ግን፣ ወገኖቼ፣ በእነዚያ በማደሪያ ክፍሎች ውስጥ ገዥውም ያላሰበው፣ አባቶችም ሙሉ በሙሉ ያላቀዱት ነገር ሆነ። በከብት ምክንያት ለሦስት ትውልድ ደም የተቃቡ መንደሮች ልጆች ምንጣፋቸውን ጎን ለጎን ዘረጉ። ሎቱኮው ንዳድ ሲይዘው ውኃ ያቀበለው አቾሊው ነበር። የማዲው ልጅ ከባሪው ልጅ ጋር አንዱን መጋዝ ከሁለት ወገን ይዞ ጎተተ። ለክፍል እንግሊዝኛውን፣ ለጨዋታ የባልንጀራውን ቋንቋ ተማረ። እረፍት ሆኖ ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ እናቱ ስለዚያ ወገን ክፉ ስትናገር ሰምቶ፣ የለም፣ እኔ የማውቀው ልጅ አለ፣ እንዲህ አይደለም ሊላት ቻለ። ያ ቃል የአገር መጀመሪያ ነው። ደቡብ ሱዳን የሚባል አገር በካርታ ላይ ከመሰመሩ በፊት በእነዚያ ወለሎች ላይ ተኝቶ ያደረው በዚህ መንገድ ነው።

ፍሬውም ታየ። በ1944 ታኅሣሥ አባ አርካንጀሎ አሊና አባ ጊዶ ከደቡቡ ልጆች የመጀመሪያዎቹ ቀሳውስት ሆነው ተቀቡ። በ1955 አቡነ ኢሬኔዎ ዱድ ጳጳስ ሆኑ፤ በኋላም የጁባ የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ እሳቸው ናቸው። ከሎቱኮ አገር ከሎሮንዮ የወጡት አባ ሳተርኒኖ ሎሁሬ ኦካሩ ላይ ተምረው በ1946 ተክነው ነበር። በ1947 ሰኔ የእንግሊዝ ሹማምንት፣ የሰሜን ሰዎችና የደቡብ ሰዎች ጁባ ላይ ተሰብስበው የአገሩን ዕድል ሲነጋገሩ፣ ከደቡቡ ከተናገሩት አንዱ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደጉት ክሌመንት ምቦሮ ነበሩ። ለጸሐፊነት ብቻ ታስበው የተማሩ ልጆች ስለ ሕዝባቸው መናገር ጀመሩ።

ከዚያ ክፉው ዘመን ገባ። በ1955 ነሐሴ ቶሪት ላይ የደቡብ ወታደሮች አመፁ፣ ደም ፈሰሰ፣ በ1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣም ቁስሉ አልሻረም። በ1957 መንግሥት የሚሲዮን ትምህርት ቤቶችን ወረሰ። በ1960 የዕረፍቱ ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ ሲዛወር ተማሪዎች በየከተማው ትምህርት አቋረጡ፤ አባ ፓውሊኖ ዶጋሌ የሚባሉ ቄስም በዚሁ ሰበብ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። በመጨረሻም በ1964፣ የካቲት ሲያልቅ፣ ሦስት መቶ ያህል የውጭ ሚሲዮናውያን በጥቂት ቀን ውስጥ ከደቡቡ እንዲወጡ ታዘዙ። አርባ ዓመት በዚያ አገር የኖረ ሽማግሌ ቄስ መጽሐፉን እንኳ ሳይሰበስብ ወጣ፣ የቀበራቸውን ባልንጀሮቹን መቃብር ሳይሰናበት ወጣ።

ያን ጊዜ የኮምቦኒ ዕቅድ ተፈተነ። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ሁሉ ነገር ያበቃል ብለው የጠበቁ ነበሩ። አላበቃም። ደወሉን የስብከት አስተማሪዎቹ ደወሉት፣ በጫካ ውስጥ በተሠራ ዳስ ጥቂቶቹ የአገሬው ቀሳውስት ቀደሱ፣ ወደ ኡጋንዳ የተሰደዱትም በስደት ዛፍ ሥር ልጆች ሰብስበው አስተማሩ። አባ ሳተርኒኖ ራሳቸው፣ ፓርላማ ገብተው ድምፃቸው ሲታፈን፣ ከጆሴፍ ኦዱሆና ከዊልያም ዴንግ ጋር በስደት የነጻነት ማኅበር መሠረቱ፤ በ1967 ጥር በኡጋንዳ ድንበር ላይ ተገደሉ። ቄስ ወደ ትግል መግባቱ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም ብሎ የሚከራከር ይከራከር፤ እሳቸው ግን እስከ ሞት ሄዱበት።

እዚህ ላይ ወደ እኛ አገር ልለፍ፤ ወጉ ይወስደኛልና። ደቡቡ ከሰሜኑ ጋር አሥራ ሰባት ዓመት ከተዋጋ በኋላ፣ በ1972 የካቲት፣ ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ተቀመጡ። የአብያተ ክርስቲያናት ማኅበራት አደራድረው፣ የሠራዊቱ ነገር ሲያንቃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገብተው አላዘቧቸው፤ የደቡቡ ዕዝ አሥራ ሁለት ሺህ ወታደር እንዲኖረው፣ ግማሹ ከደቡብ ግማሹ ከሰሜን እንዲሆን ተስማሙ፣ የካቲት 27 ቀንም ፈረሙ።

እኚያ ሽማግሌ ንጉሥም በልጅነታቸው የካቶሊክ መነኩሴ ተማሪ ነበሩ። ሐረር ላይ ራስ መኰንን ልጃቸውን ተፈሪን ያስተምሩልኝ ብለው አደራ የሰጡት ለካፑቺኑ ለአቡነ እንድርያስ ዣሮሶ ነበር፤ እሳቸውም በሚሲዮኑ ያደጉትን ኢትዮጵያዊ ቄስ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን መምህር አድርገው ሰጧቸው። በ1915 በሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ተፈሪ ሲተርፉ አባ ሳሙኤል ሰጠሙ። ዣሮሶም ዕድሜያቸውን ሐረር ላይ ፈጅተው፣ ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ከዚያ ተባረው በ1941 ቱሉዝ ላይ ሞቱ። እንግዲህ አስተውሉ፤ በአዲስ አበባው ገበታ ዙሪያ ከተቀመጡት ብዙዎቹ፣ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም፣ የሚሲዮን ክፍል ያሳደጋቸው ነበሩ፣ አስታራቂውም እንዲሁ። መምህራኑ ሞተዋል ወይ ተባረዋል፤ ተማሪዎቹ ግን ተገናኙ። ያ ሰላም እስከ 1983 አሥራ አንድ ዓመት ቆየ፤ በዚያ አሥራ አንድ ዓመት የተወለደ ልጅ ጥይት ሳይሰማ እግር ተከለ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ፍርዱን አብረን እንስጥ። እነዚያን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያለ ነቀፋ የሚያመሰግን እናቶችን ይረሳል፤ ልጃቸው ሲመለስ የሚዘፍኑትን ዘፈን የማያውቅ ሆኖ ያገኙትን እናቶች። ፈጽሞ የሚኮንን ደግሞ በሃያ ስድስት፣ በሰላሳ ዓመታቸው በጎንዶኮሮ፣ በሉልና በቶሪት የተቀበሩትን ይረሳል፤ ሰዋስው የጻፉትን ይረሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቹን ራሳቸውን ይረሳል። የተሰጣቸውን ትምህርት ሰጪው ባሰበለት ልክ አልተዉትም። ለጸሐፊነት የተሰጠውን ፊደል ለነጻነት ጻፉበት፣ ለጸሎት የተሰጠውን አንድነት ለአገር አዋሉት። ትምህርት ከመምህሩ እጅ ከወጣ በኋላ የተማሪው ነው፤ የእኔ ወግ የሚለው ይህንኑ ነው።

ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ወጣች፣ በ2013 ደግሞ ወንድም ከወንድም ተጋደለ፣ በ2023 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ጁባ ድረስ መጥተው ሰላም አድርጉ ብለው ለመኑ፤ በዚያው ዓመት የጁባው ሊቀ ጳጳስ እስጢፋኖስ አሜዩ ካርዲናል ሆኑ። በ2013 ከተነሣው ጦርነት የሸሹ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎችም ድንበሩን ተሻግረው ጋምቤላ ገቡ፤ ከእነርሱ የሚበዙት ልጆች ናቸው። ኑዌሩም፣ ዲንቃውም፣ አኙዋኩም፣ ሺሉኩም ዛሬ በእኛ ምድር ላይ ፊደል ይጠብቃል። እንግዲህ ተራው የእኛ ነው። እናስተምራቸው፤ ስናስተምራቸውም የእናታቸውን ቋንቋና ዘፈን ሳንነጥቅ፣ ሴቶቹን ከወንዶቹ ሳናስቀር፣ የተቃቡትን ወገኖች ልጆች በአንድ ወንበር አስቀምጠን ይሁን። አድገው በተማሩት ምን እንደሚሠሩበት ደግሞ ለእነርሱ እንተውላቸው። የኦካሩ ልጆች ይህን አስተምረውናል።